ሥራ ፍለጋውን ለምንድነው ነገ ነገ የምለው? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ የሂሳብ ባለሙያ ናት፣ ትሠራበት የነበረው ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ ከወጣች አራት ወር ሆኗታል። ጠዋት ጠዋት "ዛሬ የግድ አፕላይ አደርጋለሁ" ብላ ላፕቶፗን ትከፍታለች፣ ሲቪዋን ትነካካለች፣ ማስታወቂያ ታነባለች፣ ሴቭ ታደርጋለች፣ ከዛ ሞባይል ውስጥ ትገባና ምንም ሳትልክ ይመሻል። "ሥራ ላይ እያለሁ ሪፖርት አሳልፌ አላውቅም፣ አሁን ምን ነካኝ? ሰነፍ ሆኜ ነው? ወይስ ሙያውን ጠልቼው ነው? ፕላን ማውጣት እንደሆነ አውጥቼ አውጥቼ ሰለቸኝ" ትላለች። ቤተሰብ "እንዴት ሆነልሽ" ሲላት ምን እንደምትመልስም ጠይቃለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ስንፍና የሚለውን ነገር ከመሀል እናውጣው፣ ምክንያቱም አራት ወር ሙሉ በሱ ራስሽን ስትወቅሺ ነው የከረምሽው፣ ወቀሳው ደግሞ እስካሁን አንድ ማመልከቻ እንኳን አላስላከሽም። ሰነፍ ሰው ሥራውን ትቶ ተዝናንቶ ይውላል፣ ማታም እንቅልፉን ይተኛል። አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ላፕቶፑ አጠገብ ነሽ፣ አትሠሪም አታርፊምም፣ ሲመሽ ደግሞ ሲሠራ እንደዋለ ሰው ደክሞሻል። ይሄ መሸሽ ነው የሚባለው፣ የምትሸሺው ደግሞ ሥራውን ስትነኪው የሚመጣብሽን ስሜት ነው። ፉሺያ ሲሮይስና ቲም ፒቺል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2013 ባወጡት ጽሁፍ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው) ይሄን ነው ያስረዱት፣ ማዘግየት ከሰዓት አያያዝ ይልቅ ከስሜት አያያዝ ጋር ነው የሚገናኘው። የሚከብድሽን ነገር ስታስቢው ይጨንቅሻል፣ ስትተዪው ወዲያው ቀለል ይልሻል፣ ያቺ ቀለል ማለት ናት ነገም እንድትተዪው የምታለማምድሽ። ፕላን ያልረዳሽም ለዚህ ነው፣ ፕላን ሰዓቱን ያደራጃል እንጂ "ልኬ ባይጠሩኝስ" የሚለውን ጭንቀት አይነካውም፣ እንደውም የወጣው ፕላን ሳይፈጸም ሲቀር ሌላ መወቀሻ ይጨምርልሻል።

ታዲያ ሥራ ላይ እያለሽ ለምን አልነበረም? ይሄን ራስሽ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም መልሱ እዛ ውስጥ አለ። የወር መጨረሻ ሂሳብ ስትዘጊ ቀኑ የታወቀ ነው፣ የሚጠብቅሽ አለቃ አለ፣ ያንቺን ቁጥር ካላገኘ መቀጠል የማይችል ባልደረባ አለ፣ ሠርተሽ ከጨረስሽ ደግሞ አለቀ፣ የሠራሽው ነገር ይታያል። ሥራ ፍለጋ ላይ ከነዚህ አንዱም የለም። ማንም አይጠብቅሽም፣ ዛሬ ባትልኪ ማንም አይደውልልሽም፣ ዛሬ የላክሽው ነገር ፍሬው ምናልባት ከሁለት ወር በኋላ ነው ምናልባትም ጭራሽ አይመጣም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሚዛን ላይ የሚወጣው ሪፖርቱ ሳይሆን አንቺ ራስሽ ነሽ። ፒርስ ስቲል የሚባል ተመራማሪ በ2007 ስለማዘግየት የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር ከማዘግየት ጋር አጥብቀው የተያያዙት ነገሮች ምን ሆነው አገኛቸው መሰለሽ፣ ሥራው ደስ የማይል መሆኑ፣ ውጤቱ ሩቅ መሆኑ፣ ሰውየው "እችላለሁ" ብሎ የማያምን መሆኑ፣ እና በቀላሉ በሌላ ነገር የሚወሰድ መሆኑ። እስቲ ሥራ ፍለጋን ከነዚህ ጋር አስተያዪው፣ ደስ አይልም፣ ውጤቱ ሩቅ ነው፣ ከሥራ መቀነስ በኋላ በራስ መተማመን ወርዷል፣ ሞባይሉ ደግሞ እጅሽ ላይ ነው። አራቱም ባንድ ላይ። ድሮ ዴድላይን አሳልፎ የማያውቅ ሰው እዚህ ጋ ሲወድቅ እኔን አይገርመኝም፣ በየጊዜው የማየው ነው፣ ብዙ ጊዜ እንደውም ሥራቸው ላይ ጎበዝ የነበሩ ሰዎች ናቸው እዚህ ጋ በጣም የሚጎዱት ምክንያቱም በራሳቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም።

ከዚሁ ጥናት ሌላ ነገር ላንሳ። ብዙ ሰው "እኔ ሁሉም ነገር ፍጹም ካልሆነ ስለማይዋጥልኝ ነው የሚዘገይብኝ" ይላል፣ ጥናቱ ላይ ግን ፍጹም ካልሆነ የማለት ጠባይ ከማዘግየት ጋር ያለው ግንኙነት በጣም ደካማ ሆኖ ነው የተገኘው። ስለዚህ ሲቪሽን ለስንተኛ ጊዜ የምታስተካክዪው ጥንቁቅ ስለሆንሽ ነው ብዬ አላምንም፣ ቅር አይበልሽ። ሲቪ ማስተካከል ከሥራ ፍለጋ ውስጥ ማንም እምቢ ሊልሽ የማይችልበት ብቸኛው ክፍል ነው። ያልተላከ ሲቪ አይጣልም። ለዛ ነው እጅሽ ሁሌ ወደዛ የሚሄደው፣ ማስታወቂያ ሴቭ ማድረግም እንደዛው ነው፣ የሠራሽ ይመስልሻል ግን ማንም አላየሽም።

እና የኔ ዋና ምክር ይሄ ነው፣ በጠቅላላው "የማዘግየት ችግር አለብኝ" ከማለት ይልቅ እጅሽ በትክክል የት ጋ እንደሚቆም ፈልጊ። ሥራ ፍለጋ አንድ ሥራ አይደለም፣ ብዙ ጥቃቅን ነገሮች ነው፣ እያንዳንዱ ሰው ደግሞ የሚቆምበት ቦታ የተለያየ ነው። አንዱ ማስታወቂያውን አንብቦ "ከተጠየቀው አንዱን አላሟላም" የሚለው ጋ ይቆማል። አንዷ ከቨር ሌተር (ከሲቪው ጋር የሚላከው ደብዳቤ) ጋ ትቆማለች። ፎርሙ ላይ "የሚፈልጉት ደመወዝ" የሚለው ሳጥን ጋ ሲደርስ ላፕቶፑን የሚዘጋ ሰው አለ። "ከቀድሞ ሥራዎ የለቀቁበት ምክንያት" የሚለው ጋ የሚቆም አለ። የመጨረሻው ላክ የሚለው በተን ላይ ሁሉን ጨርሶ የሚቆምም አለ። ከማውቃቸው አንዱ ለወራት ምንም ማመልከቻ ያልጨረሰ ሰው ነበር፣ ራሱን ግዴለሽ ነኝ ይል ነበር፣ ኋላ ቁጭ ብለን ስናየው ሁሉም ፎርሞች አንድ ቦታ ላይ ነው የቆሙት፣ ሪፈረንስ የሚሆን ሰው ስም የሚሞላበት ቦታ። የቀድሞ አለቃውን ደውሎ ማስፈቀድ ከብዶት ነበር በቃ። አንድ አጭር ቴክስት ጻፈለት፣ አለቃው "ደስ ይለኛል" አለው፣ ከዛ በኋላ ፎርሞቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ይሄ ሰው የሰዓት አጠቃቀም ኮርስ ቢወስድ ኖሮ ምንም አይረባውም ነበር።

ያንቺን ለማግኘት እንዲህ አድርጊ፣ ላፕቶፑ አጠገብ ወረቀት አስቀምጪ፣ እጅሽ ወደ ሞባይል ሲሄድ ባወቅሽ ቁጥር (ከሄደ በኋላም ቢሆን ችግር የለውም) "አሁን ልሠራ የነበረው ምን ነበር" የሚለውን በአንድ መስመር ጻፊ። ምክንያቱን አትጻፊ፣ ስሜት ምናምን አትተንትኚ፣ ልትሠሪ የነበረውን ነገር ብቻ። ጥቂት ቀን ካደረግሽው አንድ ነገር እየተደጋገመ ይመጣል። ከጻፍሽው ተነስቼ ስገምት ያንቺ ወይ "ለምን ለቀቅሽ" የሚለው ጋ ነው ወይ መላኩ ጋ ነው፣ ግን ወረቀቱ ከኔ ግምት ይሻላል።

"ለምን ለቀቅሽ" ከሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሥራ መቀነስ ያደረሰው ቁስል ያልተነካ ከሆነ ሁሉም ፎርም እሱን ይነካዋል። ጄምስ ፔንቤከርና ባልደረቦቹ በ1994 ያወጡት አንድ ጥናት አለ፣ ከሥራ የተቀነሱ ባለሙያዎችን ወስደው የተወሰኑትን በተከታታይ ለአምስት ቀን በየቀኑ ለ20 ደቂቃ ሥራውን ስለማጣታቸው የሚሰማቸውን ሁሉ ሳይመርጡ እንዲጽፉ አደረጓቸው፣ ሌሎቹ ስለ ቀን ፕላናቸው ጻፉ ወይ ምንም አልጻፉም። ስለ ስሜታቸው የጻፉት ከሌሎቹ ቀድመው ሥራ አገኙ። የሚገርመው እነሱ ከሌሎቹ የበለጠ ማመልከቻ አላስገቡም፣ የበለጠ ስልክም አልደወሉም፣ ተመራማሪዎቹ የገመቱት ስለ ቀድሞ ቀጣሪያቸው ያላቸው ስሜት ተቀይሮ ኢንተርቪው ላይ የሚቀርቡበት ሁኔታ ሳይሻሻል አይቀርም ብለው ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን ወጪው ወረቀትና እስክሪብቶ ስለሆነ ሞክሪው እላለሁ። ለማንም አታሳዪው። የተናደድሽውን፣ ያፈርሽበትን፣ "እኔን ለምን፣ እሷን ለምን አልነኳትም" ያልሽውን ሁሉ ጻፊው። ከዛ በኋላ ለፎርሙና ለኢንተርቪው የምትጠቀሚበትን አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጂ፣ ለምሳሌ "ድርጅቱ የሰው ኃይሉን ሲቀንስ የኔም የሥራ መደብ ተካቶ ነው የወጣሁት፣ እስከመጨረሻው ቀን ሂሳቡን ዘግቼ አስረክቤያለሁ" በቃ። አንዴ ጻፊው፣ ጮክ ብለሽ ደጋግመሽ በዪው፣ ሁሌ ያንኑ ተጠቀሚ። ቀጣሪ ሥራ መቀነስ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ የሚያሳስበው ሰውየው ስለሱ ሲያወራ የሚረበሽ ከሆነ ነው።

የቆምሽው መላኩ ጋ ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ሌላ ነው። ሲቪሽን ቆልፊው። በፒዲኤፍ አስቀምጪውና ለሁለት ሳምንት አትንኪው፣ ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የምትቀይሪው ከላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ ብቻ ይሁን። ከዛ አንድ ሌላ ፋይል ክፈቺ፣ የሠራሻቸውን ነገሮች ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት መስመር አድርገሽ አንዴ ጻፊያቸው፣ የወር መጨረሻ ሂሳብ በስንት ቀን ትዘጊ እንደነበር፣ የባንክ ማስታረቅ ላይ ያገኘሽው ስህተት ካለ፣ የውጭ ኦዲተር ሲመጣ ያዘጋጀሽው፣ የታክስ ሪፖርት፣ የምታውቂው ሶፍትዌር፣ ያሠለጠንሽው አዲስ ሰው። ከዚህ በኋላ ከቨር ሌተር መጻፍ የሚባል ነገር የለም፣ ከዚህ ፋይል ማስታወቂያው የጠየቀውን የሚመስሉ ሦስቱን መርጦ ማገጣጠም ነው። ባዶ ገጽ ላይ መጀመር ነው ብዙ ሰው የሚያስፈራው፣ ስለዚህ ባዶ ገጽ እንዳይኖር አድርጊ።

ላንድ ማመልከቻ አንድ ሰዓት ስጪው፣ ሰዓቱ ሲያልቅ እንዳለ ይላካል። "እንዳለ" ስል የፊደል ስህተትና የድርጅቱን ስም አንዴ አይተሽ ማለቴ ነው እንጂ በግዴለሽነት አይደለም። ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ የምትጨምሪው ነገር ማመልከቻውን አያሻሽለውም፣ መላኩን ነው የሚያርቀው። የምትቆጥሪውም የላክሽውን ነው። ስንት ጠሩኝ የሚለውን መቁጠር አሁን ተዪው፣ እሱ ያንቺ እጅ ላይ አይደለም። መልስ ሳይመጣ ሲቀር ሰው ሁሉ "አልተፈለግኩም" ብሎ ነው የሚያነበው፣ ከኋላ ያለውን ስታዪ ግን አንዳንዱ ቦታ ለውስጥ ሠራተኛ የታሰበ ሆኖ ለደንብ ያህል የወጣ ማስታወቂያ ነው፣ አንዳንዱ በጀቱ መሀል ላይ ይቆማል፣ አንዳንዱ ጋ የሚበቃቸውን ያህል ሰው ቀድሞ ስለገባ ያንቺን ፋይል ማንም አልከፈተውም። ዝምታ ስላንቺ የሚናገረው ነገር በጣም ትንሽ ነው።

ይሄን ማወቅ ግን እምቢታው ሲመጣ እንዳያምሽ አያደርግም፣ ስለዚህ ቀድመሽ ተዘጋጂለት። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ሥራ ላጡ ሰዎች ያዘጋጁት ሥልጠና ነበረ፣ ከክፍሎቹ አንዱ ሰዎቹ የሚያጋጥማቸውን እንቅፋት ቀድመው እንዲያስቡትና በሱ ሰዓት ምን እንደሚያደርጉ እንዲወስኑ ማድረግ ነው፣ ልክ እንደ ክትባት። ማመልከቻ ልትልኪ ስትይ ከሥሩ ወረቀትሽ ላይ "እነዚህ ካልጠሩኝ በማግስቱ የማደርገው..." ብለሽ አንድ ነገር ጻፊ፣ ሌላ ማስታወቂያ መላክ ሊሆን ይችላል፣ ከሰው ጋር ማውራት ሊሆን ይችላል። እምቢታው ሲመጣ ያመኛል ግን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ የሚል ሰው ቶሎ ይነሳል።

አሁን ወደ ሰዓት ልምጣ፣ ምክንያቱም ሰዓትም ቢሆን የራሱ ድርሻ አለው። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው ቀላል ዘዴ አለ፣ "ነገ አፕላይ አደርጋለሁ" ከማለት ይልቅ "እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ ሁኔታውንና ድርጊቱን ማያያዝ ነው። እሱና ፓስካል ሺራን በ2006 ዘዴው የተፈተነባቸውን 94 ሙከራዎች ሰብስበው ሲያዩት ዘዴው ሰው ያሰበውን እንዲፈጽም በማድረግ ረገድ ደህና ውጤት ያለው ሆኖ ነው የተገኘው። ላንቺ ሲሆን "ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ትናንት የመረጥኩትን ማስታወቂያ ከፍቼ የመጀመሪያውን ሳጥን እሞላለሁ" ይሆናል። ሁለት ነገር ልብ በዪ፣ ማስታወቂያው ማታ ነው የተመረጠው፣ ጠዋት መምረጥ ከጀመርሽ እሱ ራሱ ግማሽ ቀን ይበላል። ሁለተኛ የተባለው ሳጥን መሙላት ነው፣ ማመልከቻ መጨረስ አልተባለም። ከጀመርሽ በኋላ መቀጠል ከመጀመር ይቀላል፣ ባትቀጥዪ ደግሞ ያሰብሽውን አድርገሻል። ሞባይሉ ሌላ ክፍል ይሁን፣ ድምፁን መዝጋት አይበቃም፣ ከዓይን መራቅ አለበት።

ከዛ ደግሞ ማቆሚያ ሰዓት። እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። "ሥራ ፍለጋ ራሱ የሙሉ ቀን ሥራ ነው" የሚባለው አባባል ጥሩ ሠርቶ ያየሁት በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው፣ አብዛኛው ሰው ላይ የሚያመጣው አንቺ የገለጽሽውን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፍለጋ ላይ ስለሆነ ምንም ሰዓት ላይ የግድ መጀመር የለበትም፣ ምንም ሰዓት ላይም ማረፍ አይችልም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ አድርጊው፣ ከዛ በኋላ ላፕቶፑ ይዘጋ፣ ማስታወቂያ ማየትም ክልክል ይሁን። ከሰዓቱ ያንቺ ነው፣ ተንቀሳቀሺ፣ ሰው አግኚ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሥሪ፣ ተኚም ከፈለግሽ፣ ያለ ጸጸት። ሁለት ሰዓት ትንሽ ይመስላል ግን በነዚህ አራት ወራት ውስጥ ስንት ቀን ነው በእውነት ሁለት ሰዓት የሠራሽው? ወቀሳ አይደለም፣ ሁለት እውነተኛ ሰዓት ካሁኑ አሥር የጭንቀት ሰዓት ይበልጣል ለማለት ነው። እየለመድሽው ስትሄጂ ትጨምሪዋለሽ።

ብቻሽን ግን አትሁኚ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትዪኝ ይሄን እመርጥልሻለሁ። ሥራ ላይ እያለሽ ያሠራሽ ነገር አንዱ የሚጠብቅሽ ሰው መኖሩ ነው፣ ስለዚህ የሚጠብቅሽን ሰው መልሰሽ አምጪ። ኔተን አዝሪን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1975 ከባልደረቦቹ ጋር ሥራ ፈላጊዎችን በቡድን እየሰበሰበ ጥንድ ጥንድ አድርጎ አብረው እንዲደውሉ፣ እንዲጽፉ፣ እርስ በርስ እንዲበረታቱ ያደረገበትን ሥራ አሳተመ፣ ከሦስት ወር በኋላ ቡድኑ ውስጥ ከነበሩት 92 በመቶው ሥራ ይዘዋል፣ ብቻቸውን ከፈለጉት ደግሞ 60 በመቶው። በ2014 ደግሞ 47 የሥራ ፍለጋ ሥልጠና ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሥልጠና ያገኙት ሰዎች ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ካላገኙት በ2.67 እጥፍ ይበልጥ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ልብ የሚባለው ደግሞ ሲቪ አጻጻፍ ምናምን ብቻ የሚያስተምሩት ሳይሆኑ ክህሎቱን ከማበረታታት ጋር ያጣመሩት ናቸው ውጤት ያመጡት። አንቺ ክህሎቱ አለሽ፣ የጎደለሽ ሁለተኛው ነው።

የምትመርጪው ሰው ራሱ ሥራ እየፈለገ ያለ ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ የቅርብ ቤተሰብ ባይሆን ይሻላል ምክንያቱም ቤተሰብ ሲጠይቅ ጭንቀቱም አብሮ ይመጣል። አብሮሽ ከሥራ የወጣ ሰው ካለ እሱ ወይ እሷ ጥሩ ናቸው። በተወሰነ ሰዓት ተደዋወሉ፣ "እኔ አሁን ይሄን ልሠራ ነው" ተባባሉ፣ ስልኩን በስፒከር ክፈቱት (ለዚህ ለዚህ ሞባይሉ ይፈቀዳል፣ ግን ስክሪኑ ተገልብጦ)፣ ዝም ብላችሁ ሥሩ፣ መጨረሻ ላይ "ምን ላክሽ?" ተባባሉ። "ምን ተገኘ?" የሚለው ጥያቄ ክልክል ነው። ሰው ሲያይሽ መሥራት ያሳፍራል ትዪ ይሆናል፣ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ይለመዳል።

ስለ ሰው ካነሳን፣ ሰዎች በጣም የሚያዘገዩት ነገር ለሚያውቁት ሰው መጻፍ ነው፣ ከማመልከቻም በላይ። ግን ደግሞ ሥራ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፣ ማርክ ግራኖቬተር የሚባል ሶሺዮሎጂስት በ1973 እንደጻፈው ከልብ ወዳጅ ይልቅ ራቅ ያለ ትውውቅ ነው አዲስ ወሬ ይዞ የሚመጣው፣ የልብ ወዳጅሽ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂዋለሽና። በ2022 ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ላይ የወጣ፣ ሊንክድኢን በሚባለው የሥራ ትውውቅ ድረ ገጽ ላይ ባሉ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናትም ሥራ በማስገኘት በኩል በመጠኑ ላላ ያለ ትውውቅ ከጠበቀው እንደሚበልጥ ነው ያሳየው። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት አብራሽ ኦዲት የሠራችው ልጅ፣ ትምህርት ቤት አብሮሽ የነበረው፣ ድሮ ሰነድ ትቀባበሉ የነበራችሁ የሌላ ድርጅት ካሸር። ሥራ ስጡኝ ብለሽ አትጻፊ፣ ያ ነው የሚያስጨንቅሽ፣ እነሱንም ያስጨንቃል። እንዲህ በዪ፦ "ሰላም፣ እንዴት ነሽ፣ ከተገናኘን ቆየን። እኔ ከነበርኩበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንሱ ወጥቼ አሁን የሂሳብ ሥራ እየፈለግኩ ነው። እናንተ ጋ ሰው ሲፈልጉ ማስታወቂያ የት እንደሚያወጡና ምን ዓይነት ሰው እንደሚመርጡ ብትነግሪኝ በጣም ይረዳኛል። ካልተመቸሽም ችግር የለውም።" ይሄን ኮፒ አድርጊውና ስሙን እየቀየርሽ ላኪ፣ በሳምንት ሁለት ሰው ይበቃል። የሚመልስልሽ ሰው ብዛት ከጠበቅሽው በላይ ነው የሚሆነው፣ ሰው መረጃ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

"ወይስ ሙያውን ጠልቼው ነው" ያልሽውን አላለፍኩትም። መለያ አለው። ነገ ጠዋት አንድ ድርጅት ደውሎ "ያለ ኢንተርቪው ቀጥረንሻል፣ ያው የድሮው ዓይነት ሥራ፣ ያው ደመወዝ፣ ሰኞ ነይ" ቢልሽ ምን ይሰማሻል? መጀመሪያ የሚመጣው እፎይታ ከሆነ ሙያውን አልጠላሽውም፣ የፈራሽው መመዘኑን ነው፣ እና ከላይ ያልኩት ሁሉ ላንቺ ነው። ደስታ ሳይሆን ከበድ ያለ ነገር ደረትሽ ላይ ከመጣ ግን ማዘግየቱ የሆነ ነገር እየነገረሽ ሊሆን ይችላል፣ በዛን ጊዜ እጅሽን አስገድደሽ ማመልከቻ ከማስላክ በፊት ከሙያው የትኛው ክፍል እንደሆነ አጣሪ። ቁጥሩ ነው? አለቃ ነው? የወር መጨረሻው ሩጫ ነው? አንዳንዴ ጥላቻው ከነበርሽበት ቦታ እንጂ ከሙያው አይሆንም፣ የሂሳብ ሰው ኦዲት ውስጥም ደመወዝ ክፍያ ውስጥም በጀት ዝግጅት ውስጥም ይሠራል፣ ቀኑ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ገንዘብ ካስፈለገሽ ግን ይሄን እያጣራሽ ጎን ለጎን መላኩን አታቁሚ፣ ሥራ ይዞ ማሰብ ሥራ ሳይዙ ከማሰብ ይቀላል።

ያለፉት አራት ወራትን በተመለከተ፣ እባክሽ ይቅር በያቸው። ይሄን ለማጽናናት ብቻ አይደለም የምልሽ። ካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ2010 በታተመ ጥናት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ካዘገዩ በኋላ ለራሳቸው ይቅርታ ያደረጉት ለቀጣዩ ፈተና ያዘገዩት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ላፕቶፑን ስትከፍቺ አራት ወር የሚያህል ጸጸት አብሮ የሚከፈት ከሆነ እንዴት ትከፍቺዋለሽ? "አራት ወር ያልላክሁትን ላካክስ" አትበዪ፣ የሚካካስ ነገር የለም፣ የዛሬዋ አንድ ማመልከቻ ናት ያለችው።

አንድ ነገር ግን በጥሞና ስሚኝ። ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ አብዛኛውን ቀን የሚከብድሽ ከሆነ፣ ድሮ ደስ ይሉሽ የነበሩ ነገሮች ምንም ካልመሰሉሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ፍላጎትሽ ከተበላሸ፣ ራስሽን ከንቱ አድርጎ ማየት ካለ፣ ይሄ በሰዓት ዘዴ የሚፈታ ማዘግየት ላይሆን ይችላል፣ ድብርት ሥራ ካጡ ሰዎች ጋር ብዙ ጊዜ የሚገናኝ በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። ሐኪም ወይ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂጂ። መኖር የማትፈልጊ መስሎ የሚሰማሽ ሰዓት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ላንድ ሰው ንገሪ፣ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቂ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ነገር መጀመርና መጨረስ የሚያስቸግርሽ ከነበረና ሥራ ላይ ያቆመሽ የሌላው ሰው ክትትል ብቻ ከነበረ እሱንም ለባለሙያው ንገሪው፣ ትኩረት ማጣት በአዋቂዎችም ላይ የሚታከም ነገር ነው።

ቤተሰብን በተመለከተ፣ "እንዴት ሆነልሽ" ሲሉሽ የምትጨነቂው መልሱ ውጤት ብቻ እንደሆነ ስላሰብሽ ነው። ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ጥያቄው እስኪመጣ አትጠብቂ። "በየቀኑ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል እሠራበታለሁ፣ በዚህ ሳምንት ይሄን ያህል ልኬያለሁ፣ መልስ ሲመጣ እኔው ራሴ እነግራችኋለሁ፣ እስከዛ በየቀኑ ስትጠይቁኝ ስለሚከብደኝ ታገሡኝ" በያቸው። ለሚቆጣው ሰው ሳይሆን ቤት ውስጥ ለሚሰማሽ ሰው መጀመሪያ ንገሪ፣ ለሌሎቹ እሱ ያስረዳልሻል። መርዳት የሚፈልግ ካለ ደግሞ የሚረዳሽን ነገር ስጪው፣ ጠዋት በነዚያ ሁለት ሰዓታት ሥራ እንዳያዝሽ፣ ልጅ ካለ እንዲይዝልሽ፣ ወይ ማታ የመረጥሽውን ማስታወቂያ አንብቦ "እሺ፣ ነገ ይሄ ነው" እንዲልሽ።